ምን አለ?

እናቴ ፊልም ስታይ የማትለየው አንድ ጥያቄ ነበራት፤ «ምን አለ?» የምትናገረው ሴት ከሆነች «ምን አለች?» ትላለች። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተንጫጩ ደግሞ «ምን ሆኑ እነዚህ?» መልስ ሰጪው እኔ ነበርኩ። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ የጀመርኩት ሥራ ነው። ደመወዙ አንድ ጭብጥ ቆሎና ከታናናሾቼ አንድ ሰዓት ዘግይቶ መተኛት ነበር።

አስቀድሜ እንድታውቁልኝ፣ የፊልም ሰው አይደለሁም። መተዳደሪያዬ የሒሳብ ሥራ ነው። ስለ ካሜራም ሆነ ስለ ትወና የተማርኩት ነገር የለም። እንደማንኛችሁም ከሥራ ስመለስ ሶፋ ላይ ተዘርግቼ፣ ሪሞት ይዤ፣ ይኼኛው ጥሩ ነው፣ ያኛው አይረባም የምል ሰው ነኝ። ሰሞኑን ግን ቤታችን ውስጥ በተፈጠረ አንድ ትንሽ ነገር ምክንያት፣ ለዓመታት እንደዋዛ ስሰጥ የኖርኩትን አስተያየት መልሼ ለማየት ተገድጃለሁ። ነገሩ ከእናቴ ጥያቄ ይጀምራል።

እናቴ ትምህርት ቤት አልገባችም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ግን እኔ ሳልወለድ ማታ ማታ ወደ ቀበሌ እየሄደች ፊደል ቆጥራለች። ስሟን ትጽፋለች፤ የመብራት ክፍያ ደረሰኝ ላይ ያለውን ቁጥር ከእኔ ቀድማ ታያለች፤ ዳዊቷን በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ ትደግማለች። ከቴሌቪዥን ሥር ብልጭ ብሎ የሚጠፋን ጽሑፍ ግን በጣት መከተል አይቻልም። ያውም እንግሊዝኛ።

በሰፈራችን መጀመሪያ ቴሌቪዥን የነበራቸው አንድ ጎረቤታችን ነበሩ። ጫማችንን በራቸው ላይ አውልቀን ወለሉ ላይ እንደረደር ነበር። የአባባ ተስፋዬ ተረት ሲጀምር እንኳን ልጆቹ፣ ቡና ሊጠጡ የመጡ እናቶችም ዝም ይላሉ። አባባ ተስፋዬ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ከጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ ከአርባ ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ያወሩ ሰው ናቸው። ሴቶች መድረክ ላይ በማይወጡበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው ይጫወቱ እንደነበር ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት እናቴ «ምን አለ?» ብላ አታውቅም። በምታውቀው ቋንቋ፣ የምታውቀውን ተረት ነበር የሚያወሩላት።

ጥያቄው የመጣው እኛም ቴሌቪዥን ገዝተን፣ ቀጥሎ ዴክ ከጨመርንበት በኋላ ነው። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ካሴት ተከራይቶ ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሕንድ ፊልም። ከሥሩ እንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ። አባቴ ገና ዘፈኑ ሳይጀምር እንቅልፍ ይወስደዋል። እናቴ ሽንኩርቷን ይዛ ወደኔ ዞር ትላለች፤ «ምን አለ?»

አሁን ሳስበው ሰነፍ አስተርጓሚ ነበርኩ። በስድስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ምን ያህል ይኬዳል? ባልና ሚስት ሁለት ደቂቃ ሙሉ እንባ እየተራጩ ይነጋገሩና እኔ «ተጣሉ» እላታለሁ።

«ይኼን ሁሉ አውርተው?»

«አዎ። በጣም ተጣሉ።»

ያልገባኝን እዘላለሁ፤ የሚያሳፍረውን እቀይራለሁ። አንዳንዴም የራሴን ጉዳይ አስገባበት ነበር። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ እጁን እያወናጨፈ ሲናገር «ልጅን በቀበቶ መምታት ነውር ነው እያለ ነው» ብያት አውቃለሁ። እናቴ ሽንኩርቷን መላጥ አቁማ ጥቂት ካየችኝ በኋላ «ብልህ ሰው ነው» አለች።

ከእነዚያ ካሴቶች አንዱን ግን እስካሁን አልረሳውም፤ «ማዘር ኢንዲያ»። በ1957 እ.ኤ.አ. የተሠራ የመህቡብ ካን ፊልም ነው። ናርጊስ የምትባለው ተዋናይት ራዳ የተባለች ድሃ ገበሬ ሆና ትጫወታለች። ባሏ እጆቹን በድንጋይ ናዳ አጥቶ ጥሏት ይሄዳል፤ አራጣ አበዳሪው ምርቷን ይወስዳል፤ ጎርፍ ይመጣል። ሞፈሩን ራሷ እየጎተተች ልጆቿን ታሳድጋለች። እናቴ ያንን ፊልም ስታይ ሽንኩርት አልያዘችም ነበር። «ምን አለች?»ም አላበዛችም። እኔ የማላውቀውን አንድ ነገር የምታውቅ ይመስል ነበር።

መጨረሻው ላይ ሽፍታ የሆነው ታናሹ ልጇ የአራጣ አበዳሪውን ሴት ልጅ በሠርጓ ቀን ጠልፎ በፈረስ ሊያመልጥ ሲል፣ እናቱ ጠመንጃ አንሥታ ትተኩስበታለች። ልጁ እናቱ እቅፍ ውስጥ ሆኖ ይሞታል።

እናቴ ወደኔ ዞረች። «ምን አለች? ለምን ተኮሰችበት?»

ጽሑፉን አንብቤዋለሁ፤ ገብቶኛልም። የመንደሩ ሴት ልጅ ክብር የእሷም ክብር ስለሆነ፣ ከልጇ እሱን መምረጧን ነው የምትናገረው። እኔ ግን «ተሳስታ ነው» አልኩ። «ሌላ ሰው መስሏት ነው።»

እናቴ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «አይ ተሳስታ» ብላ ተነሥታ መብራቱን አበራች። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ፊልም አላወራንም።

ጊዜው ሄደ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ሥራ ያዝኩ፤ ቤቴን ለየሁ። እናቴም አስተርጓሚ የማትፈልግባቸው ነገሮች እየበዙ መጡ። የአማርኛ ፊልም ሲኒማ ቤት ደጃፍ ላይ ሰልፍ ማሰለፍ ጀመረ፤ በቴሌቪዥን ደግሞ «ሰው ለሰው» መጣ። አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን የማያስታውስ አለ? እናቴ አስናቀን በእውነተኛ ጠላትነት ነበር የምትጠላው። አንድ ቀን ተዋናዩን በአንድ ዝግጅት ላይ ፈገግ ብሎ ስታየው «ደግሞ ይስቃል እንዴ!» ብላ ተቆጣች። ለአንድ ተዋናይ ከዚህ የበለጠ ሽልማት ያለ አይመስለኝም። «ቤቶች»ን ደግሞ የጎረቤት ወሬ እንደምትሰማ ነበር የምታየው፤ ክፍሉ ሲያልቅ በነገሩ ላይ ፍርድ ሰጥታ ትነሣለች።

እዚህ ላይ ከሶፋዬ ሆኜ አንድ ሁለት ነገር ልበል። የእኛ ፊልሞች ላይ ያለኝ ቅሬታ እንደብዙዎቻችሁ ነው። ብዙዎቹ የሚጀምሩት ግቢው ሳር በሆነ፣ ደረጃው እብነ በረድ በሆነ ቪላ ውስጥ ነው። ሀብታሙ ልጅ ድሃዋን ይወዳል፤ እናቱ እምቢ ትላለች፤ ዘበኛው ያስቃል። ሁሉም ሰው መኪና አለው፤ የመኪና ማቆሚያ የሚፈልግ ግን የለም። በአማርኛ ፊልም ውስጥ መብራት ሲጠፋ አይቼ አላውቅም። ውኃ የሚመጣበት ሌሊት ተብሎ ጀሪካን ሲደረደር፣ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ በርበሬ ሲሰጣ፣ የቤት ኪራይ ተጨመረ ተብሎ ባልና ሚስት ሌሊቱን ጣሪያ ሲያዩ አላየሁም። እኛ የምንኖርበት ከተማ ለፊልም የማይበቃ አድርገን ያየነው ይመስለኛል። ሙዚቃውስ? ተዋናይዋ ልታለቅስ መሆኑን ከእሷ ቀድሞ የሚነግረን ክራር ለምን ያስፈልጋል?

ጥሩ ሥራ የለም ማለቴ አይደለም። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 እ.ኤ.አ. ከቬኒስ ፌስቲቫል ተሸልሞ መጥቷል። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 እ.ኤ.አ. በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆኗል። ስለነዚህ ፊልሞች ቡና ላይ በኩራት አውርቻለሁ። እናቴ ግን አንዳቸውንም አላየችም። እንድታይ ያደረግኩት ነገርም የለም።

ከዚያ በ2008 ዓ.ም. ቃና መጣ።

ያኔ የነበረውን ክርክር ታስታውሱታላችሁ። የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ተተክቶ፣ ሌት ተቀን በነፃ በሳተላይት ሲመጣ፣ የቴአትርና የፊልም ባለሙያዎች ተቃውሞ አሰሙ። እኔም ከእነሱ ጋር ነበርኩ። መሥሪያ ቤት ሻይ ሰዓት ላይ «ባህላችንን ጨረሱት!» ከሚሉት አንዱ ነበርኩ። እንደ ሒሳብ ሠራተኛም ነገሩ ይታየኝ ነበር። ተሠርቶ ያለቀ ድራማ ገዝቶ ድምፅ መቀየር፣ ደራሲ ቀጥሮ፣ ቦታ ተከራይቶ፣ ተዋናይ ከፍሎ አንድ ክፍል ከመሥራት በብዙ ይረክሳል። ማስታወቂያው ወደ ርካሹ ከሄደ የኛ ልጆች ምን ይበላሉ? ይህ ጥያቄ ዛሬም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ሌላም አለኝ፤ ያ ዳቢንግ አዲስ አማርኛ አምጥቶብናል። የጎጃም አይደለም፣ የወሎ አይደለም፣ የመርካቶም አይደለም። የተዋናዩ አፍ እስኪዘጋ ድረስ የሚጎተት፣ «ይህን ማድረግ አይኖርብህም ነበር» የሚል አማርኛ ነው። ሰው ሲናደድ እንዲህ አይናገርም።

አንድ እሑድ ይህንኑ እያብሰለሰልኩ እናቴ ቤት ሄድኩ። ስገባ ቀና ብላ አላየችኝም። ኢስታንቡል ውስጥ አንዲት ሴት ባሕር ዳር ቆማ ለአንድ ወንድ ያለፈ ታሪኳን ትነግረዋለች። ረጅም ንግግር ነው። እናቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ቃል በቃል፣ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። አንዴም አልዞረችም። አንዴም «ምን አለች?» አላለችም።

ያን ጊዜ የተሰማኝን በአንድ ቃል መናገር ይከብደኛል። ሥራውን በማሽን እንደተነጠቀ ሰው ነው የሆንኩት። ወዲያው ደግሞ ሐፍረት መጣብኝ። ለካ ይህች ሴት ለሠላሳ ዓመት ሰዎች ሁለት ደቂቃ ሲያወሩ እያየች «ተጣሉ» የሚል መልስ ይዛ ነው የኖረችው። አሁን አንድ ባዕድ ሰው ያለውን ሁሉ፣ ሳይቀነስላት፣ ማንንም ሳትለምን ትሰማለች። ስለ ባህል ስንከራከር የእሷ ድርሻ ማንም ሒሳብ ውስጥ አልገባም ነበር። እኔም አላስገባሁትም።

ቤሩት ስድስት ዓመት የሠራች የአክስቴ ልጅ አለች። በ2008 እ.ኤ.አ. «ኑር» የሚባለው የቱርክ ድራማ ዐረቡን ዓለም ሲያነቃንቅ እዚያ ነበረች። ድራማው የተሳካለት በመጽሐፍ ዐረብኛ ሳይሆን በሶሪያ ሰዎች የቤት አነጋገር ስለተተካ ነው ይባላል። እሷም አሠሪዋ ሳሎን ጥግ ቆማ ልብስ እየተኮሰች ስታይ ነው ዐረብኛው የገባት። «ቱርኮቹ በሶሪያ አፍ ነው ዐረብኛ ያስተማሩኝ» እያለች ታስቀናለች። የሚገባን ቋንቋ፣ ከየትም ይምጣ፣ ከአንድ ጥግ አንሥቶ ሳሎኑ መሐል ያስቀምጣል።

በ2020 እ.ኤ.አ. ጥር ወር የኮሪያው ዳይሬክተር ቦንግ ጁን ሆ ለ«ፓራሳይት» ፊልሙ ሽልማት ሲቀበል፣ ተመልካቾች አንድ ኢንች የምታክለዋን የሰብታይትል አጥር ቢሻገሩ ብዙ ድንቅ ፊልም እንደሚጠብቃቸው ተናግሮ ነበር። ፊልሙም በወሩ ከእንግሊዝኛ ውጭ ተሠርቶ የኦስካርን የምርጥ ፊልም ሽልማት የወሰደ የመጀመሪያው ሆነ። አባባሉን ወድጄለት ለብዙ ሰው ተናግሬዋለሁ። የተናገረው ማንበብ ለሚችሉና ለሰነፉ ሰዎች ነው። ለእናቴ ግን ያቺ ኢንች ተራራ ናት። ስዊድኖች ከሥር ያነባሉ፤ ጣሊያኖች ከሙሶሊኒ ዘመን ሕግ ጀምሮ የውጭ ፊልም በራሳቸው ቋንቋ መስማት ለምደዋል። እዚያ የምርጫና የልማድ ጉዳይ ነው። ማንበብ የማይችል ትልቅ ሰው በሞላበት አገር ግን ሰብታይትል ማለት «አንተ ግባ፣ አንቺ ውጭ ቆዪ» ማለት ነው።

እናቴ አስተርጓሚነቴን በአንድ ቀን ቀምታኝም አልቀረች። ከጥቂት ዓመታት በፊት «ቁራኛዬ» የተባለውን የሞገስ ታፈሰን ፊልም ልናይ አብረን ሲኒማ ገባን። ታሪኩ ከሳሽና ተከሳሽ እንደ ጥንቱ ሥርዓት በአንድ ላይ ተቆራኝተው ዳኛ ፍለጋ ረጅም መንገድ ስለሚሄዱበት ነገር ነው። ገና ከመጀመሪያው አማርኛው ከበደኝ። የድሮ ሰዎች ሙግት፣ የገጠር አነጋገር፣ ሰምና ወርቅ። እናቴ በጨለማው ውስጥ ለብቻዋ ከት ብላ ሳቀች። ሌላው ተመልካች ገና አልሳቀም። ወደ ጆሮዋ ተጠግቼ «ምን አለ?» አልኳት።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው እሷን እንዲህ ብዬ የጠየቅኳት። አባቷ ሙግት አዋቂ ነበሩ። ቃሉን፣ ትርጉሙን፣ ማን ለማን እንደሚለው ሁሉ ሳትቆነጥር ነገረችኝ። ከኋላችን ያለው ሰው እስኪቆጣን ድረስ።

ከሁለት ዓመት በፊት ጉልበቷ ደረጃ መውጣት ሲያቅተው እናቴ ከኛ ጋር መኖር ጀመረች። ቤታችን ውስጥ አሁን ስድስት ሰው ነው ያለው። ስክሪኖቹ ግን ሰባት ናቸው። ማታ ላይ ሁላችንም አንድ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠን እያንዳንዳችን ሌላ አገር ነን። ባለቤቴ በስልኳ ቲክቶክ ታያለች፤ እኔ የእንግሊዝ እግር ኳስ፤ ታናሽ እህቷ የኮሪያ ድራማ። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ እንኳ ደውላ ከእናቴ ጋር ስለ አንድ ድራማ የምታወራው ከእኛ በላይ ነው። እነሱ ቢያንስ አንድ ነገር ያያሉ።

የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ታብሌት ላይ የምታየው «ብሉዪ» የሚባል የአውስትራሊያ ካርቱን ነው። እናት፣ አባትና ሁለት ሴት ልጆች ያሉት የውሾች ቤተሰብ ነው። እናቴ ስሙን መጀመሪያ ስትሰማ «ብሉይ ኪዳን ነው?» ብላ ደስ እያላት ቀረበች። ውሻ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ስታይ አማተበች። ግን አልራቀችም። ከልጄ ጎን ተቀምጣ፣ አንገቷን ወደ ታብሌቱ ዘንበል አድርጋ ታያለች። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጋዜጣ እያነበብኩ ሳለ ሰማኋት።

«ምን አለች ይቺ ትንሿ?»

«ምንም» አለች ልጄ ዓይኗን ሳትነቅል።

«አባትየው ለምን መሬት ተኛ?»

«እየተጫወቱ ነው።»

«ምን እያሉ?»

«እማማ፣ ዝም ብሎ ጨዋታ ነው።»

እናቴ «እሺ የኔ እናት» ብላ ዝም አለች። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ወደ መስኮቱ ዞራ የሰው ግቢ ማየት ጀመረች።

ልጄን ልቆጣት ተነሣሁ። ግን በምን አፌ? እሷ «ምንም» አለች እንጂ አልዋሸችም። እኔ በእሷ ዕድሜ ከዚያ የባሰ አድርጌያለሁ። ጋዜጣውን አጥፌ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ማታ ልጆቹ ሲተኙ እናቴ ቡናዋን አስቀርባ ሳለ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። «እማዬ፣ ድሮ ያየነው የሕንድ ፊልም፣ እናትየዋ ልጇን የምትገድልበት፣ ትዝ ይልሻል?»

«አዎ» አለች።

«ተሳስታ ነው ብዬሽ ነበር። ውሸቴን ነው። ዐውቃ ነው የገደለችው።»

ሲኒዋን አስቀመጠች። «እናት ዐውቃ መተኮሷን ለማወቅ እንግሊዝኛ ያስፈልጋል እንዴ? ፊቷን አየሁት እኮ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«አንተ ነበርክ የፈራኸው» አለች። «እናት እንዲህም ታደርጋለች ለካ ብለህ ደንግጠህ ነበር። ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነሥተህ መጥተህ አየኸኝ። እኔ ምን ልበልህ? ተሳስታ ነው ካልክ፣ ተሳስታ ይሁን አልኩ።»

እኔ ሌሊት መነሣቴን አላስታውስም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኔ ለእሷ ያሳጠርኩላት ይመስለኝ ነበር።

ዝምታው ሲከብደኝ አንድ የማውቀውን ነገር ነገርኳት። ናርጊስና ልጇ ሆኖ የተጫወተው ሱኒል ደት በዕድሜ እኩያ ነበሩ። ፊልሙ ሲቀረጽ እሳት ሲነሣ እሱ ገብቶ አዳናት፤ በዓመቱም ተጋቡ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ እስክትደክም ሳቀች። «እንኳንም አልሞተ» አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጄን አስቀምጬ አንድ ነገር ብቻ ነገርኳት። እማማ የምትጠይቀው ለመረበሽ ሳይሆን አብራ ለማየት መሆኑን፤ እኔም በልጅነቴ የእማማ አስተርጓሚ እንደነበርኩና ሥራውን በደንብ እንዳልሠራሁት። «ምን ያህል ይከፈልሃል?» ብላ ጠየቀችኝ። ቆሎ አልኳት። በቸኮሌት ተስማማን።

ካርቱኑን ከታብሌቱ ወደ ትልቁ ቴሌቪዥን አዛወርነው። ያጋጠመን ክፍል ደግሞ ስለ አያቶች ሆነ። ሁለቱ እህትማማቾች እንደ አሮጊት ለብሰው ይጫወታሉ። ከዚያ አያቶች ፍሎስ የሚባለውን፣ ክንድን ዳሌ ላይ ግራ ቀኝ የሚያወናጭፈውን ዳንስ ይችላሉ አይችሉም ብለው ይከራከራሉ። ትልቋ አይችሉም ትላለች፤ ትንሿ ይችላሉ ትላለች። ለአያታቸው በቪዲዮ ደውለው ጠየቁ። አልችልም አለች።

«እና ብሉዪ ልክ ነበረች» አለች ልጄ፣ ፊልሙን አቁማ ወደ አያቷ ዞራ። «ግን እማማ፣ ትንሿ አዘነች፤ አልጫወትም አለች። እናቷ ደግሞ ብሉዪን ልክ መሆንና አብሮ መጫወት የቱ ይበልጥብሻል ብላ ጠየቀቻት።»

«እሷስ ምን አለች?»

«ቆይ» ብላ አስቀጠለችው። ብሉዪ ደግማ ደውላ ለአያቷ ዳንሱን በስልክ አስተማረቻት። እናቴ ለዚያች ውሻ አያት አጨበጨበችላት። ከዚያ «እኔስ አሮጊት ነኝ እንዴ?» ብላ ተቀምጣ እንዳለች ትከሻዋን ሰበቀችው። ልጄ ፍሎስ፣ እናቴ እስክስታ። ትንሹ ልጄ መሐል ገብቶ ሁለቱንም አበላሸው። ባለቤቴ ስልኳን ያነሣችው ለመቅረጽ ነበር፤ ግን ረስታው ስታይ ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ማታ አንድ ስክሪን ብቻ እንዲበራ ተስማምተናል። ሁልጊዜ አይሳካም፤ ትልቅ ጨዋታ ያለ ቀን ሕጉን የምጥሰው እኔ ነኝ። አንዱን ሳምንት ልጆች ይመርጣሉ፣ አንዱን እማማ። ቋንቋውን የሚያውቅ ላላወቀ ይናገራል። የድሮ ክፍሎችን ፈልገን «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ንም ለትንሹ ልጄ አሳይተነዋል። ያቺ የስድስት ዓመት ቀጭኔ አማርኛ ስትናገር ልጄ በመገረም «እሷም የኛን ትናገራለች?» አለ። እንዲህ ብሎ የሚገረም ልጅ አዲስ አበባ ላይ ማሳደጌ ለራሴ አሳፍሮኛል። የኛ ባለሙያዎች ለልጆች በኛ ቋንቋ የሚሠሩት ቢበዛልን፣ አሠሪዎችም ገንዘቡን ቢያወጡበት ደስ ይለኛል። ያ እስኪሆን ግን ቤት ውስጥ ያለውን ሥራ ለማንም ልሰጥ አልችልም።

ስለ ቃና የነበረኝን ሐሳብ ቀየርኩ ወይ ካላችሁኝ፣ ግማሹን ቀይሬያለሁ። የኛ ባለሙያዎች እንጀራ አሁንም ያሳስበኛል፤ ያ የተጎተተ አማርኛም አሁንም ጆሮዬን ይቆረቁረዋል። ግን እናቴ ስታይ አጠገቧ ሆኜ አላማርርም።

ባለፈው ቅዳሜ ተራው የእማማ ነበር። ከሥራ አምሽቼ ስገባ ሁሉም ተሰብስበዋል። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ባልና ሚስት ኩሽና ውስጥ ቆመው ይነጋገራሉ። ሴትየዋ ለረጅም ጊዜ ተናገረች፤ አለቀሰች፤ ቀለበቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እኔ ጫማዬን እያወለቅኩ ስለነበር አልሰማሁም።

«ምን አለች?» አልኩ።

እናቴ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል መለሰችልኝ።

«ተጣሉ።»